ጀልባ ከመግዛት ቀዛፊ ማሠልጠን ይቀድማል

ሉማሜ የደጋ ከተማ ናት። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን የጤፍና የስንዴ ማሳ የከበባት የአዋበል ወረዳ መቀመጫ እንደ መሆኗ መጠን፣ ገበሬው ስለ በሬ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እንጂ ስለ ጀልባ ሲነጋገር የሚሰማባት አይመስልም። ይሁን እንጂ ከከተማዋ በስተደቡብ ደጋው እየተቆረጠ፣ ወይና ደጋው ወደ ቆላ እየተለወጠ ቁልቁል የሚወርደው ወደ አባይ ሸለቆ ነው። ደገኛው ከብቱን፣ ዘመዱንና ገበያውን ተከትሎ ወደ ቆላ መውረዱ አይቀርም። ከወረደ ደግሞ ከውኃ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ስለሆነም የጀልባ ጉዳይ ለጊዜው ሩቅ ቢመስልም በሦስት በኩል ወደ ገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሊገባ ይችላል። አንደኛው፣ ወጣቶች ዓሣ ለማስገር ተደራጅተው ለብድር የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ ነው። ሁለተኛው፣ ድልድይ በሌለበት መሻገሪያ ሰውና እህል ማሻገር ሲያስፈልግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአካባቢው ልጆች ለሥራ ወደ ጣና፣ ወደ ቆጋ ግድብ ወይም በሕዳሴው ግድብ ምክንያት ወደ ተፈጠረው ንጋት ሐይቅ ሲሄዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ውስጥ የተመረቀው ይህ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ጀልባ የሐይቅ ዳር ሰው መሣሪያ ብቻ ነው ሊባል አይቻልም።

በገጠር ዛሬም ቀበሌው “ገበሬ ማኅበር” እየተባለ ይጠራል። የዚህ ማኅበር መሪ የጀልባ መግዣ ማመልከቻ ቢቀርብለት በመጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው፤ ጀልባው ስንት ነው? ሞተሩ ስንት ነው? መረቡስ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም “ጀልባውን የሚይዘው ሰው ማን ነው? ከማንስ ተማረ?” የሚለው ነው። በሬ ያላጠመደ ልጅ በአንድ ቀን ሞፈር አይጨብጥም። በማሳ ላይ የሚደርስ ስሕተት ትልም ያጣምማል፤ በውኃ ላይ የሚደርስ ስሕተት ግን ሰው ያስቀራል።

የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል። ከ10 ሟቾች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ድርጅቱ ለመከላከያ ከሚመክራቸው እርምጃዎች መካከል ልጆችን መሠረታዊ ዋና ማስተማር፣ በአካባቢው የሚገኙ ሰዎችን የነፍስ አድን ሥራ ማሠልጠንና የጀልባን ደኅንነት በሕግ መቆጣጠር ይገኙባቸዋል። ሦስቱም ትምህርት የሚጠይቁ ናቸው።

አባይ ያስተማረው

“አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” ይባላል። ብሂሉ ለደገኛው ተረት ቢሆንም ለጀልባ ቀዛፊ ግን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። በክረምት አባይ ከነግንዱ ሲወርድ ያን የመሰለ ግንድ የጀልባ ጎን ቢመታ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ከዚህም ሌላ በሸለቆው ውስጥ አዞና ጉማሬ እንደሚገኙ የቆላው ሰው ጠንቅቆ ያውቃል።

አባቶቻችን ይህን ወንዝ በዋናና በአየር በተነፋ ቁርበት ይሻገሩ እንደነበር በዘመኑ ያለፉ ተጓዦች ጽፈዋል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የአባይን አካሄድ ለማጥናት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ዓመት ሲደክም የተጓዘው በአመዛኙ ከሸለቆው አፋፍ ላይ በበቅሎና በእግር ነበር እንጂ በጀልባ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የጉዞ ጓድ በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች አባይን ተከትሎ ወረደ። የሠለጠኑ ወታደሮች፣ በቂ መሣሪያና ዝግጅት ነበራቸው። ይህም ሆኖ ከአባላቱ አንዱን ውኃ ወስዶት ሞቷል። ሠልጥኖ የመጣን ሰው የሚወስድ ውኃ፣ ሳይሠለጥን ለሚገባበት እንደማይራራ ግልጽ ነው።

ስለዚህ መሪዎች ስለ ጀልባ ከማሰባቸው በፊት “እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ጀልባ ነው ወይስ ድልድይ?” ብለው መመርመር ይገባቸዋል። በሞጣ በኩል የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሻገረው ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነበር የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአካባቢው ሕዝብና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች አብረው ጠገኑት። ጥገናውን ጎርፍ ሲወስደውም በኋላ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። ወንዙ ጠባብና ኃይለኛ በሆነበት ቦታ መፍትሔው ድልድይ ነው። ጀልባ የሚጠቅመው ውኃው ሰፊና የተረጋጋ በሆነበት፣ ለምሳሌ በሐይቅና በግድብ ላይ ነው።

ጣና፦ ያልተጻፈው መጽሐፍ

በአማራ ክልል የጀልባ ትምህርት ቤት የት ነው ቢባል፣ የመጀመሪያው መልስ ጣና ዳር የሚል ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ10 ሜትር በታች ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይናወጣል። የሐይቁ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ የጣና ቀዛፊ ጉዞውን በማለዳ መጨረስ ይመርጣል። ይህ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ትምህርት ነው።

በተለይም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ በመሥራት የታወቀ ነው። የዘጌ ሰው በታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ሲያደርስ ኖሯል። ታንኳ በደንገሉ ተንሳፋፊነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ውኃ ቢገባበትም እንደ ብረት ወዲያው አይሰጥምም። ሆኖም ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀም ቶሎ ይበሰብሳል። ቀዛፊው ይህን ስለሚያውቅ ታንኳውን ያሳርፈዋል።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የልማት ፕሮግራም አማካይነት ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ወደ ጣና ገቡ። ከዚያ በፊት በአብዛኛው በዳርቻው ተወስኖ የነበረው አስጋሪ ወደ መካከለኛው ሐይቅ መዝለቅ ቻለ። ገቢ ተገኘ፤ ግን ሁለት ነገር ተከተለ። በአንድ በኩል፣ ከዳር የራቀ ሰው አደጋ ሲያገኘው የሚደርስለት አይኖርም። በሌላ በኩል ደግሞ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰበው የነጭ ዓሣ ዘር በመረብ ብዛት ክፉኛ ተመናመነ። ከዚህ የምንረዳው የጀልባ ትምህርት መቅዘፍ ብቻ እንዳልሆነ ነው። መቼ ማስገር እንደሚገባ፣ መቼስ ማረፍ እንደሚገባ ማወቅም የሙያው አካል ነው። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል።

ሥልጠናው ከወዴት ይገኛል?

የተቋማት ስም ስለሚመሳሰል መሪዎች የተሳሳተ በር እንዳያንኳኩ መለየት ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛና በቢሾፍቱ የሚገኘው የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን የባሕር ዳሩ በዋነኛነት በውቅያኖስ ለሚሄዱ መርከቦች መሐንዲሶችን የሚያወጣ ሲሆን፣ የቢሾፍቱው ደግሞ ለመርከብና ለሎጂስቲክስ ሥራ ባለሙያ የሚያሠለጥን ነው። የአራት ሰው ጀልባ ለመያዝ የሚፈልግ የአዋበል ወጣት መጀመሪያ የሚሄደው ወደነዚህ አይደለም።

ለእርሱ የሚቀርበው የዓሣ ባለሙያዎች በር ነው። በባሕር ዳር የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ በሰበታም ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል ይገኛል። የክልሉና የዞኑ ግብርና መሥሪያ ቤቶችም የዓሣ ባለሙያዎች አሏቸው። የገበሬ ማኅበሩ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ደብዳቤ ጽፎ፣ ስንት ወጣቶች እንዳሉት፣ በየትኛው ውኃ ላይ እንደሚሠሩና ምን ዓይነት ጀልባ እንዳሰቡ ዘርዝሮ ቢጠይቅ መልሱ ፈጣን ይሆናል። “ሥልጠና እንፈልጋለን” ብቻ የሚል ደብዳቤ ግን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል።

የጀልባን ምዝገባና የውኃ ትራንስፖርትን ደኅንነት በሚመለከት የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ሰው በክፍያ ለማሻገር የሚያስብ ማኅበር ጀልባው ውኃ ከመንካቱ በፊት ይህን መሥሪያ ቤት ማነጋገር አለበት። የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ደግሞ ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፎች ይገኛል።

ከሁሉም በላይ ግን መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁለት ወጣቶችን ለአንድ ወር ያህል ከጣና ቀዛፊዎች ጋር አብረው እንዲውሉ መላክ የሚያስገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ቀለባቸውና የአስተማሪው አበል በማኅበሩ ይሸፈን። አስተማሪው ዲፕሎማ ስለሌለው ብቻ በነፃ ያስተምር ማለት ተገቢ አይደለም።

ሥልጠና ሲባል ዓመታት የሚፈጅ መስሎ የሚታያቸው ይኖራሉ። በእንግሊዝ አገር የጀልባ ማኅበር የሚሰጠው መሠረታዊ የሞተር ጀልባ አያያዝ ኮርስ የሚፈጀው ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ብልህ ቀዛፊ ባያደርግም ከሞት የሚያድኑትን ዋና ዋና ነገሮች ለማስጨበጥ ይበቃል። ልምዱ በኋላ ይመጣል።

መጽሐፉስ?

በዓለም ላይ ስለ ጀልባ የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው። ከታወቁት አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1917 ያዘጋጀው ሲሆን፣ መነሻውም በጦርነት ጊዜ ወደ ባሕር ኃይል የሚገቡ ጀማሪዎችን በአጭር ጊዜ ማስተማር ነበር። ዛሬ ግን ይህ መጽሐፍ እጅግ ወፍራም ሆኗል፤ የሚናገረውም በአብዛኛው ስለ ባሕር ነው። ለቆላ ወንዝና ለግድብ የሚሆነን ከዚህ ያነሰና የቀለለ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ለአነስተኛ አስጋሪዎች የሚሆኑ መጻሕፍት አሳትሟል። ከነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ስለ አነስተኛ አስጋሪዎች የውኃ ላይ ደኅንነት የሚያስተምረው መመሪያ ይገኛል። ወለላቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎችን አሠራር በንድፍ የሚያሳይ መጽሐፍም አለው። እነዚህ በኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1824 የተቋቋመው የእንግሊዝ የነፍስ አድን ጀልባ ድርጅትም አቅም ለሌላቸው አገሮች ብሎ ስለ ዋናና ስለ ጎርፍ ነፍስ አድን ሥራ መመሪያዎች አዘጋጅቷል።

መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ መሆናቸው እንቅፋት ቢሆንም የሚታለፍ እንቅፋት ነው። በየቀበሌው የሚሠራው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ከሉማሜ ሩቅ አይደለም። ሥዕል ያለባቸውን ገጾች መርጦ ማተም፣ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ሁለት መስመር መጻፍ፣ ከዚያም በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚቻል ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ለሌላው ሲያነብ መንደሩ በሙሉ ይማር እንደነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። የጀልባ መጽሐፍም በዚሁ መንገድ ሊነበብ ይችላል።

በትምህርቱ ውስጥ መግባት ያለባቸው

መጽሐፉ ወይም አሠልጣኙ ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ካልተካተቱበት ትምህርቱ ጎደሎ ነው። መሪዎች ይህን እንደ መመዘኛ ሊይዙት ይችላሉ።

አንደኛ፣ ዋና ነው። መዋኘት የማይችል ሰው ቀዛፊ ሆኖ መመደብ የለበትም። የሚዋኝም ቢሆን ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለብሳል እንጂ አይቀመጥበትም። ጀልባ ሲገለበጥ ለመልበስ ጊዜ የለም።

ሁለተኛ፣ ጭነት ነው። ጀልባው አራት ሰው ይይዛል ሲባል፣ እያንዳንዱ ሰው 75 ኪሎ ቢመዝን 300 ኪሎ ማለት ነው። ይህም ሦስት ኩንታል ነው። ሁለት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ 350 ኪሎ ስለሚሆን ከልክ በላይ ነው። ጭነት ከወለሉ ላይ፣ ከመሐል ይቀመጣል። ሰውም ተቀምጦ ይሄዳል፤ አይቆምም። በሬና አህያ በትንሽ ጀልባ አይጫኑም፤ እንስሳው አንድ እርምጃ ቢንቀሳቀስ ጀልባው ይገለበጣል።

ሦስተኛ፣ ማዕበልና ፈሳሽ ነው። ማዕበል ሲመጣ የጀልባው ጎን አይሰጠውም፤ አፍንጫው በትንሹ ዘመም ብሎ ወደ ማዕበሉ ይዞራል። የሚፈስ ውኃ ሲሻገሩ ደግሞ ከሚያርፉበት ቦታ ከፍ ብሎ መነሣት፣ አፍንጫውንም በመጠኑ ወደ ላይኛው ፈሳሽ አዘንብሎ መቅዘፍ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲደረግ ፈሳሹ ራሱ ጀልባውን ወደ ማዶ ይገፋዋል። በቀጥታ ማዶውን አነጣጥሮ የቀዘፈ ሰው ወዳላሰበው ቦታ ይወርዳል።

አራተኛ፣ ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ አባይን በትንሽ ጀልባ መሻገር አይሞከርም። ቆላው ፀሐይ ቢሆንም ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ዘግይቶ ድንገት ሊደርስ ይችላል። ውኃው ሲደፈርስና ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ሲጀምር ጀልባው ወዲያው ይወጣል።

አምስተኛ፣ ሞተር ነው። ቤንዚን በሦስት ይከፈላል፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ የቀረው ሲሶ ለክፉ ቀን ነው። ሞተር ያለው ጀልባም መቅዘፊያ ሳይዝ አይነሣም።

ስድስተኛ፣ ጀልባ ቢገለበጥ ነው። የተገለበጠ የእንጨት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጀልባውን አጥብቆ መያዝ እንጂ ወደ ዳር ለመዋኘት መሞከር የብዙዎችን ሕይወት የቀጠፈ ስሕተት ነው። ዳር ከውኃ ላይ ሲታይ ቅርብ ይመስላል።

ሰባተኛ፣ የሰጠመን ማዳን ነው። “ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል” እንደሚባለው፣ የሚሰጥም ሰው የደረሰለትን አንቆ ይዞ አብሮ ያሰጥማል። ስለዚህ ዘሎ መግባት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። በመጀመሪያ ረጅም በትር ማቀበል፤ ካልደረሰ ገመድ መወርወር። በየቤቱ የሚገኘው ባዶ ጄሪካን ክዳኑ በሚገባ ተዘግቶ በገመድ ቢታሰር ጥሩ መንሳፈፊያ ይሆናል። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ በአፉ አየር ይሰጠዋል። ዘቅዝቆ ውኃ ለማስወጣት መሞከር ውድ ጊዜ ያጠፋል።

እነዚህ ነጥቦች ጀልባ ለሌለው ማኅበርም ይጠቅማሉ። በየማሳው ጥግ ለመስኖ የተቆፈሩ ኩሬዎች አሉ። በፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ ጠርዙ ስለሚያንሸራትት የገባ ሕፃን መውጣት ይሳነዋል። አጥርና በገመድ የታሰረ ጄሪካን በእያንዳንዱ ኩሬ ዳር ቢኖር ወጪው ትንሽ ነው።

የመሪዎች ድርሻ

እንግዲህ የጀልባ ማመልከቻ የቀረበለት የገበሬ ማኅበር መሪ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት አራት ነገሮችን ቢያረጋግጥ ኃላፊነቱን ተወጥቷል ለማለት ይቻላል። በማመልከቻው ውስጥ ከጀልባው ዋጋ ጎን የሥልጠናው ወጪ ተጽፏል ወይ? በጀልባው ልክ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ተቆጥሯል ወይ? ቀዛፊዎቹ ሁለት ናቸው ወይ? አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሙያ እርሱ በታመመ ቀን ባላወቀ እጅ ይወድቃልና። በመጨረሻም፣ የተማሩት ተመልሰው ሌሎችን ለማስተማር ተስማምተዋል ወይ?

ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ማመልከቻው ይመለስ። ወጣቶቹ ለጊዜው ቅር ይላቸው ይሆናል። ነገር ግን ለአንድ ወር የዘገየ ጀልባ በሚቀጥለው ወር ይገዛል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ውኃ የገባ ልጅ ግን ሳይመለስ ቢቀር፣ ለእናቱ የሚሰጥ መልስ በየትኛውም መዝገብ ውስጥ አይገኝም።